አብሮ መወዳደርና ከምርጫው ማግስት፤ ከፈረንሳይ አረንጓዴዎችና ግራ ዘመሞች ጥምረት የተማርነው

(በመራጮች ስብሰባ ላይ በፓርቲው ዋና ጸሐፊ የቀረበ ንግግር)



በየስብሰባው የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። «እናንተ ተቃዋሚዎች በምርጫ ሰሞን ትሰባሰባላችሁ፤ ምርጫው ሲያልፍ ትበተናላችሁ፤ ታዲያ እንዴት እንመናችሁ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1997 ዓ.ም. አራት ፓርቲዎች የመሠረቱት ቅንጅት የደረሰበትን ሁላችሁም ስለምታውቁት አንዘረዝረውም። ከደረሰበት እስርና ጫና ሌላ የመሪዎች አለመግባባትም ድርሻ እንደነበረው ግን አንክድም። ዛሬ የምናቀርበው ከሩቅ አገር የተወሰደ ምሳሌ ነው፤ በፈረንሳይ አረንጓዴዎችና ግራ ዘመም ፓርቲዎች የፈጠሩት የምርጫ ጥምረት።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 በተካሄደው የፕሬዚዳንት ምርጫ የመጀመሪያ ዙር ግራ ዘመሙ ዣን ሉክ ሜላንሾን 22 በመቶ ገደማ አግኝተው ሦስተኛ ወጡ። ሁለተኛ ሆነው ወደ ቀጣዩ ዙር ያለፉት ማሪን ለ ፔን የበለጧቸው በ420 ሺህ ድምፅ ገደማ ነበር። የኮሙኒስት ፓርቲው እጩ ብቻ ከ800 ሺህ በላይ ድምፅ ወስደዋል። የአረንጓዴዎቹ እጩ ያኒክ ዣዶ ያገኙት 4.6 በመቶ ነበር፤ የዘመቻ ወጪያቸውን በአግባቡ ከመንግሥት ለማስመለስ 5 በመቶ ያስፈልግ ስለነበር ፓርቲው ዕዳውን ለመክፈል ደጋፊዎቹን መዋጮ ጠየቀ። ሶሻሊስቶቹ 2 በመቶ እንኳ አልሞላላቸውም።

ከዚህ በኋላ ነው በሜይ 2022 አራቱ ወገኖች ለፓርላማ ምርጫ የተስማሙት። ፈረንሳይ 577 የምርጫ ክልሎች አሏት። በእያንዳንዱ ክልል አንድ የጋራ እጩ ብቻ ይቅረብ ተባለ፤ ለአረንጓዴዎቹ 100 ያህል፣ ለሶሻሊስቶቹ 70፣ ለኮሙኒስቶቹ 50 ያህል ደረሳቸው፤ የቀረው ለሜላንሾን ንቅናቄ ሆነ። ይህን ቁጥር ቆም ብላችሁ ተመልከቱት። አረንጓዴዎቹ ከ450 በሚበልጡ ክልሎች የራሳቸውን ሰው ተዉት ማለት ነው። በየሰፈሩ ለዓመታት ወረቀት ሲበትን የኖረ አባል «ዘንድሮ አትወዳደርም፤ ለሌላው ቀስቅስ» ተብሏል። እሺ ያለ አለ፤ አንዳንድ ሶሻሊስቶች ግን ውሳኔውን ጥሰው በግላቸው ተወዳድረዋል።

በሐሳብም አንድ አልነበሩም። ኮሙኒስቶቹ የኑክሊየር ኃይልን ይደግፋሉ፤ አረንጓዴዎቹ ይቃወማሉ። ይህን አልደበቁትም፤ በጋራ ፕሮግራማቸው ላይ ልዩነታቸውን አስፍረው ውሳኔውን ለፓርላማው ተዉት። እኛ የሕግ ሰዎች እንዲህ ያለውን ውል እናከብራለን። ብዙ ጊዜ ውል የሚያፈርሰው ሳይጻፍ የታለፈው ጉዳይ ነውና።

«አረንጓዴና ግራ ዘመም ምን ያገናኛቸዋል?» የሚል አይጠፋም። በኖቬምበር 2018 የፈረንሳይ መንግሥት ለአካባቢ ጥበቃ ብሎ በነዳጅ ላይ የጣለውን ግብር ለመጨመር ሲነሳ፣ ከከተማ ርቆ የሚኖረውና በመኪናው ሥራ የሚመላለሰው ሰው ቢጫ ሰደርያ ለብሶ መንገድ ዘጋ። በዲሴምበር ጭማሪው ቀረ። አየሩ ይጽዳ ሲባል ሒሳቡን የሚከፍለው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ አንዱ ወገን ብቻውን አይመልሰውም። እኛም አገር ከዚህ የተለየ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ነገሩ የአካባቢ ጥበቃ ነው ወይስ የድኅነት ብሎ መለየት የሚችል ካለ ይንገረን። እዚያ ጥግ ጎጆ የቀለሰው ሌላ ቦታ ያጣ ሰው ነው።

ወደ ጥምረቱ እንመለስ። በጁን 2022 የፕሬዚዳንት ማክሮን ወገን በፓርላማ የነበረውን ፍጹም አብላጫ አጣ። ጥምረቱ ግን ፓርላማ እንደገባ በአራት ቡድን ተቀመጠ፤ በኦክቶበር 2023 ሶሻሊስቶቹ ተሳትፏቸውን አቋረጡ፤ በጁን 2024ቱ የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫም ተለያይተው ቀረቡ። ያን ዕለት ማታ ማክሮን ፓርላማውን ሲበትኑ በቀናት ውስጥ «አዲሱ ሕዝባዊ ግንባር» ብለው እንደገና ተሰባሰቡ፤ በጁላይ 7ቱ ሁለተኛ ዙርም ከሁሉም ቡድኖች የበለጠ መቀመጫ፣ 180 ያህል፣ አገኙ። ለፍጹም አብላጫ የሚያስፈልገው 289 ነበር።

የጎደላቸው ግን መቀመጫ ብቻ አልነበረም። ጠቅላይ ሚኒስትር ማን ይሁን የሚለውን ከምርጫው በፊት አልተስማሙበትም። የመራጩ ደስታ ሳይበርድ እርስ በርስ ሲጨቃጨቁ 16 ቀን አለፈ፤ ሉሲ ካስቴ የተባሉትን ሴት ያቀረቡት በጁላይ 23 ነው። ማክሮን አልተቀበሏቸውም፤ በሴፕቴምበር ከቀኝ ዘመሙ ወገን ሚሼል ባርኒዬን ሾሙ። ቶሎ ቢስማሙ ኖሮ ማክሮን እሺ ይሉ ነበር አንልም። ሙግታቸው ግን ይጠነክር ነበር።

በአገራችን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት በምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ እንደ ፈረንሳይ ሁለተኛ ዙር የለም። ሦስት ተቃዋሚ በአንድ ክልል ከቀረበ፣ ድምፃቸው ተደምሮ ቢበልጥም አራተኛው መቀመጫውን ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ አጋሮቻችን በሚበልጡን ክልሎች እጩዎቻችንን ለማንሳት ወስነናል። ምልክታችንን በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ፈልጋችሁ የምታጡበት ቦታ ይኖራል ማለት ነው። ይህ ለአንዳንድ አባሎቻችን መራራ ነው፤ ቅሬታቸውንም ሰምተናል።

በምላሹ ከአጋሮቻችን የጠየቅነው ሦስት ነገር በጽሑፍ እንዲሰፍር ነው። የማንስማማባቸው ጉዳዮች የትኞቹ እንደሆኑ፣ ምክር ቤት ስንገባ በእነዚህ ጉዳዮች ላይ እንዴት ድምፅ እንደምንሰጥ፣ ካሸነፍን ደግሞ ለመሪነት ማንን እንደምናቀርብ። ሦስተኛው ገና አልተፈረመም። እስኪፈረም ድረስ ጥምረቱ ተጠናቋል ብለን አንነግራችሁም፤ ሲፈረም ሙሉው ሰነድ እጩዎቻችንን ካነሳንባቸው ክልሎች ዝርዝር ጋር በየጽሕፈት ቤታችን በር ላይ ይለጠፋል።

አሁን ጥያቄያችሁን እንቀበላለን። እጩ ከተነሳባቸው ክልሎች የመጣችሁ ቅድሚያ ይሰጣችሁ።