ፓምፑ በተዘጋበት ሌሊት የሚጎድል ነዳጅ

ነዳጅ ማደያ ስንገባ ዓይናችን የሚያርፈው ፓምፑ ላይ ነው፤ ዋናው ነዳጅ ግን ከእግራችን ሥር በተቀበረው ታንከር ውስጥ ነው ያለው። ሠራተኛው በማለዳ ክዳኑን ከፍቶ መለኪያ ዘንጉን ቀስ አድርጎ ያወርዳል፤ ከወረወረው ነዳጁ ተረጭቶ ንባቡን ያበላሻል። ዘንጉ ጫፍ ላይ የተቀባው ቅባት ቀለሙን ከቀየረ ከታች ውኃ ተኝቷል፤ ውኃ ከቤንዚንም ከናፍጣም ይከብዳልና። ይህ ልኬት የሚጠቅመው ግን ቦቴው ካራገፈውና ከፓምፑ ቆጣሪ ጋር በየቀኑ ሲመሳከር ብቻ ነው።

ቁጥሮቹ ሳይገጥሙ ሲቀሩ «ልዩነቱ የሙቀት ነው» የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ከጅቡቲ ሙቀት የመጣ 10,000 ሊትር ቤንዚን በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀዘቅዝ 100 ሊትር ገደማ ይቀንሳል። ይሁንና የሙቀት ጉድለት ቦቴው ባራገፈ ሰሞን ታይቶ ያቆማል፤ የታንከር ቀዳዳ ግን ቦቴ ባልመጣበት፣ ፓምፑ በተዘጋበት ሌሊትም ያጎድላል። ሁለቱን የሚለየው የወር መዝገብ ነው። በአሜሪካ ደንብ የወሩ ልዩነት በታንከሩ ካለፈው ነዳጅ 1 በመቶና 130 ጋሎን፣ ማለትም 490 ሊትር ገደማ፣ ተደምረው ከሚሰጡት ከበለጠ መፍሰስ ይጠረጠራል። ሌሊቱን ሙሉ የሚያነበው ኤሌክትሮኒክ መለኪያ ቢገጠም እሰየው፤ ውድ ነው ለሚል ባለ ማደያ ግን ዘንግና ደብተር ሥራውን ያስጀምሩታል። ከታንከሩ የሚፈሰው ነዳጅ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ አዲስ አበባ ከአቃቂ ጉድጓዶች የምትቀዳው ውኃም የሚመጣው ከዚያው ከመሬት በታች ነው።