ስለ ቬኒስ ከተማ ሥዕል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር)



እኛ የሥዕል ክፍል ተማሪዎች በዚህ በዓል ስለ አንድ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ጥቂት እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ደስ ብሎናል። ሥዕሉ ያኮፖ ዴ ባርባሪ የተባለው ሠዓሊ የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1500 የታተመው የቬኒስ ከተማ ሥዕል ነው። ቬኒስ በባሕር ውሃ መካከል ባሉ ደሴቶች ላይ የተሠራች የኢጣልያ ከተማ ናት፤ በብዙ ስፍራ በመንገድ ፈንታ ቦይ፣ በጋሪ ፈንታ ጀልባ አላት።

አንዳንድ ሰው ይህን የመሰለ ሥዕል ቢያይ ኅብረ ቀለም ስለሌለው ያላለቀ ይመስለዋል። አሠራሩን ላወቀ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሥዕሉ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ከተነደፈ በኋላ ነጭ ሆኖ የሚታየው ስፍራ ሁሉ በስለት ተፈልፍሎ ይወጣል፤ ሳይነካ የቀረው መስመር ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ይታተምበታል። እንደ ማኅተም ስለ ሆነም የሚቀረጸው ተገልብጦ ነው። እንግዲህ የእያንዳንዱ መስኮትና የእያንዳንዱ ጀልባ መስመር ግራና ቀኙ ተጠርቦ የቀረ ነው። ሰሌዳዎቹ 6 ናቸው፤ ወረቀቶቹ ሲገጣጠሙ ወደ ጎን 2.8 ሜትር ያህል ይሆናሉ። አሳታሚው አንቶን ኮልብ ሥራው 3 ዓመት እንደ ፈጀ ለከተማዪቱ መንግሥት አስታውቆ ነበር። ከተማዪቱ የምትታየው ወፍ ከሰማይ እንደምታያት ሆና ነው። በዚያን ዘመን ግን ወደ ሰማይ የወጣ ሰው ስላልነበረ፣ ከብዙ ስፍራ የታየውን በትዕግሥት ማገጣጠም ግድ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን የቅዱስ ማርቆስ የደወል ግንብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1489 መብረቅ ጫፉን አቃጥሎት ነበር። ሥዕሉ የከተማዪቱን ዝና ለማስፋት የታሰበ ሆኖ ሳለ፣ ግንቡን ጫፍ አልባ፣ በጊዜያዊ ክዳን እንደ ተሸፈነ አሳየው። ግንቡ ከታደሰ በኋላም ሰሌዳው ተስተካክሎ አዲሱን ጫፍ የሚያሳይ ኅትመት ወጣ። ሰሌዳዎቹ እስከ ዛሬ በቬኒስ በኮረር ሙዚየም ተጠብቀው ይገኛሉ።

በዓል የምስጋና ቀን ነው። ነገር ግን በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ የትምህርት ቤታችንን የሞላውን ብቻ ቆጥረን የጎደለውን ብንሸሽግ የሚያድሰው አይገኝም። ስለዚህ መምህራንና ወላጆች ስለ ትምህርት ቤታችን ስትጠይቁን፣ ጫፍ የጎደለውን ግንብ እንዳለ እንድናሳያችሁ ፍቀዱልን፤ በማደሱም ሥራ እጃችን ከእጃችሁ አይለይም።