ስለ ቀጭኑ ክር

(በሳይንስና በቴክኖሎጂ ሙያ ለተሰማሩ ሴቶች ስብሰባ የቀረበ ዲስኩር)



እንድናገር የተጠየቅሁት ሴት ባለሙያዎች እርስ በርስ የሚተሳሰሩበትን መንገድ እንዴት እናስፋ በሚለው ጉዳይ ላይ ነው። ከአንድ የሐሙስ ምሽት ልጀምር።

የውኃ መሐንዲስ ነኝ። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት በክፍላችን ከነበርነው ባለሙያዎች መካከል ብቸኛዋ ሴት ነበርኩ። ባልደረቦቼ ሐሙስ ሐሙስ፣ የዓርብ ጾም ከመግባቱ በፊት፣ ከሥራ ሲወጡ ሰብሰብ ብለው ቁርጥ ቤት ይሄዳሉ። እኔ ሕፃን ልጅ ስለነበረኝ ወደ ቤቴ እሮጣለሁ። በአንዱ ሐሙስ ለስድስት ወር ሥልጠና ወደ ውጭ የሚላኩ ሁለት ሰዎች እንደሚያስፈልጉ አለቃችን እዚያው ገበታ ላይ አነሣ። ሁለት ባልደረቦቼ እጃቸውን አወጡ፤ ዓርብ ጠዋት ደብዳቤው ተጻፈ፤ እኔ ሰኞ ሰማሁ። ሊጎዳኝ ያሰበ ማንም አልነበረም። እንዲያውም ከተላኩት አንዱ ከልቡ የሚያከብረኝ ሰው ነው፤ «አንቺ ለምን አልጠየቅሽም?» ያለኝም እርሱ ነው። ጥያቄው ለብዙ ጊዜ ከውስጤ አልወጣም። ነገሩ ምሥጢር አልነበረም፤ ማስታወቂያም አልነበረም። ወሬ ነበር፤ ወሬውም ገበታውን ዞሮ እዚያው አለቀ።

ይህ በእኔ ብቻ የደረሰ እንዳልሆነ የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው አንድ ጽሑፍ አለ። በቦስተን አቅራቢያ በምትገኘው በኒውተን ከተማ በሙያ፣ በቴክኒክና በአስተዳደር ሥራ ላይ ያሉ፣ በቅርቡ ሥራ የቀየሩ ሰዎችን አነጋገረ። በሰው በኩል ሥራ ያገኙትን «ነገሩን የነገራችሁን ሰው በዚያን ወቅት ምን ያህል ታገኙት ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። ቶሎ ቶሎ እንገናኝ ነበር ያሉት ከመቶ 16.7 ብቻ ሆኑ። 55.6ቱ አልፎ አልፎ አሉ፤ 27.8ቱ ደግሞ ከስንት አንዴ። ወሬውን የነገራቸው ብዙ ጊዜ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ ወይም ከዓመታት በፊት አብሮ የሠራ ሰው ነበር። ምክንያቱ ሲያስቡት ግልጽ ነው። የቅርብ ወዳጄ የሚያውቀውን እኔም አውቀዋለሁ፤ የምንውለው አንድ ቦታ፣ የምንሰማው አንድ ወሬ ነው። ከሩቅ የማውቀው ሰው ግን እኔ የማልደርስበት ቦታ ስለሚውል አዲስ ነገር ይዞልኝ ይመጣል።

ይህን ጥናት ባነሣሁ ቁጥር አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ግራኖቬተር ያነጋገራቸው በሙሉ ወንዶች ናቸው። እነዚያ ሰዎች የሩቅ ትውውቁን ያካበቱት በየስብሰባው፣ በየመስክ ጉዞው፣ ከሥራ በኋላ ባለው ሰዓት ይመስለኛል። ልጅ ከሞግዚት የምትረከብ፣ ማታ ታክሲ የምትፈራ፣ መስክ ስትወጣ «ባልሽ ምን ይላል?» የምትባል ሴት በዚያ ሰዓት የት ነበረች የሚለውን የሚጠይቅ አልነበረም።

እኛ ጥብቁን ትስስር አላጣነውም። ዕድር አለን፣ ዕቁብ አለን፣ የጽዋ ማኅበር አለን፣ ሦስት ጊዜ የሚፈላ ቡና አለን። ልጅ ሲታመም፣ ሰው ሲሞት፣ ቤት ሲጎድል ከሴት በላይ ደራሽ የለም። ይህ ገመድ ነው፤ ሰው ከገደል የሚያወጣ ገመድ። ነገር ግን በዕድራችን ውስጥ የላብራቶሪ መሣሪያ መለዋወጫ ከየት እንደሚመጣ የምታውቅ፣ በሌላ ከተማ የተከፈተ የሥራ ቦታ የሰማች፣ የምርምር ገንዘብ ማመልከቻ ገምግማ የምታውቅ ሴት የመኖሯ ዕድል አነስተኛ ነው። ማኅበር በተመሠረተ ቁጥር «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ቃሉን ልብ ብለን ብንሰማው የሚናገረው ስለ ገመድ አይደለም። ድር ቀጭን ነው፤ አንዱን ለብቻው ሕፃንም ይበጥሰዋል። ከጥጥ ፈልቅቀው በእንዝርት የሚፈትሉት ደግሞ እናቶቻችን ናቸው።

ቀጭኑ ክር ምን እንደሚሠራ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሐዋሳ በተደረገ አንድ ዐውደ ጥናት ላይ፣ በሻይ ዕረፍት፣ ከአንዲት ወጣት የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ጋር ዐሥር ደቂቃ ተነጋገርን። የሞተር መቆጣጠሪያ ቦርድ እንደምትሠራ ነገረችኝ፤ ስልክ ተለዋወጥን፤ በዚያው ተለያየን። ሁለት ዓመት ያህል አልፎ በአንዲት ትንሽ ከተማ የጥልቅ ጉድጓድ ፓምፕ ተጠግኖ ሲመለስ የሚያወጣው ውኃ ከበፊቱ ሲሶ አልሞላም። ሞተሩ ይዞራል፣ ድምፁ ደኅና ነው፣ የጀሪካኑ ሰልፍ ግን መንገዱን ዘግቷል። ፓምፑን ደግሞ ከጉድጓድ ማውጣት የቀናት ሥራና ብዙ ወጪ ነው። ያቺ ልጅ ትዝ አለችኝና ደወልኩ። ስሜን ልታስታውሰው ጥቂት ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ግን «ኢንጂነር፣ ሲጠገን የኤሌክትሪኩ ፌዝ ተገልብጦ ይሆናል፤ ወደ ኋላ እየዞረ ነው። ከማውጣትዎ በፊት ከሦስቱ ሽቦ ሁለቱን አቀያይረው ይሞክሩት» አለችኝ። ኃይሉን አጥፍተን ቦርዱ ላይ ሁለቱን አቀያየርን፤ በዚያው ከሰዓት ውኃው ታንከሩን መሙላት ጀመረ። ስለ ትስስር ስናወራ ሁልጊዜ ሹመትና የትምህርት ዕድል ብቻ ይታየናል። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ጥያቄ ሲገጥምሽ የሚደወልለት ሰው ማወቅ።

አሁን ወዳለንበት ልመለስ። ዩኔስኮ ባሰባሰበው መረጃ እ.ኤ.አ. በ2013 ከኢትዮጵያ ተመራማሪዎች መካከል ሴቶች ከመቶ 13 ገደማ ነበሩ። አዲስ አበባ ላይ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው፤ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር፣ የባዮሎጂ ሊቋ ያለምፀሐይ መኮንን፣ ለዚያ ማዕረግ የበቁት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የፍኖተ ሰላሟ ልጅ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ በኮሎምቢያ ለዓመታት ተመራምረው፣ ወደ አፍሪካ ተመልሰው፣ ናይሮቢ ያለውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔን በመምራት የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የሎሬያልና የዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ተቀበሉ። በእነዚህ ሴቶች እኮራለሁ። ግን «የመጀመሪያዋ» የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር ደስታዬ ውስጥ ሐዘን ይገባል። የመጀመሪያዋ ማለት እርሷ በሄደችበት መንገድ «እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ፣ በዚህ ዙሪ» የሚላት ሴት አልነበረችም ማለት ነው።

እንግዲህ ቀጭኑ ክር እንዴት ነው የሚበዛው? ከማውቃቸው አሠራሮች የምወደው አዋርድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ናይሮቢ ላይ ተቋቁሞ በግብርና ምርምር ላይ ያሉ አፍሪካውያት ሳይንቲስቶችን የሚደግፍ መርሐ ግብር ነው፤ ኢትዮጵያውያትም ተሳትፈውበታል። አሠራሩ ቀላል ነው። የተመረጠችው ሳይንቲስት በሙያው ከእርሷ ከሚበልጥ አማካሪ ጋር ትጣመራለች፤ አማካሪው ሴትም ወንድም ሊሆን ይችላል። እርሷም በፋንታዋ ከእርሷ በታች ያለች አንዲት ወጣት ትይዛለች። መካሪ ስታገኚ ወዲያው መካሪ ትሆኛለሽ። «እኔ ገና ነኝ፣ ለሌላ ምን አለኝ?» የሚለው ሰበብ በር ላይ ይቀራል። ክሩም የሚሄደው ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም ስለሆነ ከአንድ መርሐ ግብር ብዙ ሴቶች ይወጣሉ።

አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ ልሸሸው አልፈልግም። በአገራችን ትውውቅ የሚለው ቃል ተጎድቷል። «በዘመድ ገባ» ሲባል ሁላችንም የምናውቀው ቁስል አለ። ስለዚህ ሴቶች ይተዋወቁ፣ ይጠቋቆሙ ሲባል፣ ሌላ የዘመድ ቤት ልትከፍቱ ነው ወይ የሚል አለ፤ ስጋቱ እውነተኛ ነው። እኔ የምለየው በአንድ ነገር ነው፤ ወሬው ይወጣል ወይስ ይታፈናል? ዘመድ የሚሠራው ወሬውን ይዞ በመቅረት ነው። የሙያ ትስስር ግን ወሬውን አውጥቶ ለውድድር ያቀርባል፤ ፈተናውን የምታልፈው ራሷ ናት። ይህ ከአፍ የሚቀል ነገር አይደለም። አንድ ጊዜ የምርምር ድጋፍ መኖሩን ሰምቼ የራሴን ማመልከቻ እስክልክ ድረስ ለማንም ሳልናገር ቀርቻለሁ። ማመልከቻውን ከላክሁ በኋላ ያ የሐሙስ ገበታ ትዝ አለኝ። እኔም ገበታ ዘርግቼ ነበር፤ ብቻዬን የተቀመጥኩበት።

ትስስር ከአባላቱ አልፎ ለአገር እንደሚተርፍም እናውቃለን። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1995 የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎችን ማኅበር ሲመሠርቱ ቁጥራቸው ብዙ አልነበረም። ለተበደሉ ሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ እየሰጡ፣ በየፋይሉ ያገኙትን እየሰበሰቡ፣ የቤተሰብ ሕጉ እንዲሻሻል ከወተወቱት ግንባር ቀደሞቹ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ሕግ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አለ። እኛ መሐንዲሶቹና ሳይንቲስቶቹ ከእነርሱ የምንማረው አለ። የጤና ጣቢያ ሲነደፍ፣ የውኃ ቦኖ የት ይሁን ሲባል፣ ቴክኒካዊ ውሳኔው ከሴት ሕይወት ጋር የሚጋጭበትን ቦታ አንድ ላይ ሆነን ልናሳይ እንችላለን።

የጀመርናቸው ብዙዎቹ ስብስቦች ለምን ከሰሙ ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ። ስብሰባው ከሥራ በኋላ በሰዓታችን በአሥራ ሁለት ይጠራል፤ እናት የሆነችው ትቀራለች። ቅዳሜ ረፋድ ሆኖ፣ ልጅ ይዞ መምጣት ሲፈቀድ ግን ይሞላል። ስብስቡ አዲስ አበባ ላይ ይቀራል፤ ጅማና ጎንደር፣ ድሬዳዋና መቀሌ ያለችው ስሟ ብቻ በዝርዝር ላይ ይቀመጣል። የቴሌግራም ቡድን ይከፈታል፤ አንዲት ልጅ ስለ አንድ መሣሪያ ትጠይቃለች፤ ጥያቄዋ ሁለት ቀን መልስ ያጣል፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አይጠይቅም። ስለዚህ በእኛ ቡድን በየሳምንቱ ተራ የምትይዝ አንዲት ሴት ትኑር፤ ሥራዋ ሁሉን ማወቅ ሳይሆን የምታውቀውን ሰው ፈልጋ ማገናኘት ነው። ሌላው ደግሞ፣ ዲግሪ የሌላት ግን እጇ የሠለጠነ የላብራቶሪ ቴክኒሺያን፣ የወርክሾፕ ባለሙያ፣ በእኛ መካከል በእኩልነት ትቀመጥ። ብዙ ጊዜ መፍትሔው ያለው እርሷ ጋ ነው።

ከአዳራሹ ስትወጡ በር ላይ አንድ መዝገብ ታገኛላችሁ። እዚያ የራሳችሁን ስም አትጻፉ። ሥራዋን የምታውቁትን፣ ዛሬ እዚህ ያልተገኘችውን አንዲት ባለሙያ ስም ጻፉ፤ ምን እንደምትችልና በየትኛው ከተማ እንዳለች ጨምሩ። ከመጻፋችሁ በፊት ግን ደውላችሁ ፈቃዷን ጠይቁ። የመጀመሪያውን መስመር እኔ ሞልቼዋለሁ። ትናንት ማታ ስደውልላት ስሜን ለማስታወስ ጊዜ አልወሰደባትም፤ «እርስዎ ካሉ ይጻፉት» አለችኝ። ከስሟ ትይዩ «ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር፣ የመቆጣጠሪያ ቦርድ» ብዬ ጽፌያለሁ። ሁለተኛው መስመር ክፍት ነው፤ እስክሪብቶውም እዚያው አለ።