የላዳ ካምቢዮ አወራረድና አጠጋገን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ካምቢዮ ነው። ቃሉ የጣልያን ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታና ካቻቢቴም እንዲሁ። ላዳውም ቢሆን ከጣልያኑ ፊያት 124 ተቀድቶ በቶልያቲ ከተማ ከ1962 ዓ. ም. ጀምሮ የተሠራ ስለ ሆነ ቃሉና ዕቃው ዘመዳሞች ናቸው።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መንገድ ዳር አሮጌ መኪና ሆዱ ተከፍቶ ማየት የተለመደ ነው። በ2016 ዓ. ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለውን ጠግኖ መንዳት ግድ ሆኗል።

የአንድ ጓደኛችን አባት ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩት በላዳቸው ነው። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ዳገቱን ሲወጡ ሁለተኛ ማርሽ ባስገቡ ቁጥር ካምቢዮው ይጮኻል። አንድ ጋራዥ «ሙሉው ይለወጥ» ቢላቸው ዋጋው የወራት ገቢያቸውን የሚበላ ሆነ። እኛም ከመምህራችን ጋር እንየው አልን።

ከቁልፍ በፊት ጆሮ ይቀድማል። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሳለ የሚሰማው ድምፅ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ከጠፋ የሚጠረጠረው የመግቢያው ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ሲረገጥ ብቻ ከመጣ የፍሪሲዮኑ መግፊያ ኩሽኔታ ነው። ማርሾቹ ሁሉ፣ የኋላውም ጭምር፣ የሚጮኹ ከሆነ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም ማለት ነው፤ የፍሪሲዮኑን ዘይት ሳያዩ ካምቢዮ ማውረድ ከንቱ ድካም ነው። የሳቸው ግን በሁለተኛው ብቻ ነበር። ይህ የሲንክሮ ቀለበት ማለቁን ያመለክታል። ቀለበቱ በሰበቃ ፍጥነቱን ካስተካከለ በኋላ ጥርሶቹ ይጋጠማሉ፤ ሲያልቅ ግን ሳይተካከሉ ይላተማሉ።

አወራረዱ እንዲህ ነው። የባትሪው ገመድ ይፈታል፤ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ያርፋል። ክሪክ ብቻ ከደገፈው መኪና ሥር መግባት ሞትን መጥራት ነው! ዘይቱ ይፈሳል፤ የማርሹ ዱላ ከውስጥ ይወልቃል። ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ በጎማ መጋጠሚያ የተያያዘ ነው። ብሎኖቹ ሳይፈቱ ጎማው ዙሪያውን በብረት ማሰሪያ ካልታሰረ ይለጠጥና መልሶ መግጠሙ ጭንቅ ይሆናል። የፍጥነት መቁጠሪያው ገመድና የሞተሪኖው ብሎኖች ይፈታሉ፤ የፍሪሲዮኑ ፒስተን ግን ከቱቦው ሳይለይ ወደ ጎን ይታሰራል። በመጨረሻ ካምቢዮው ከሥር ተደግፎ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሳባል። ክብደቱ በመግቢያው ዘንግ ላይ ከተንጠለጠለ የፍሪሲዮኑን ዲስክ ያበላሻል፤ ስለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

ከፍተን ብናይ ማርሾቹ ደኅና ነበሩ፤ ያለቀው ቀለበቱ ነው። እሱንና የዘይት መከላከያ ጎማዎቹን ለወጥን። የወለቀውን ሁሉ በቅደም ተከተል በጋዜጣ ላይ ስለ ደረደርን መልሶ መግጠሙ አላስቸገረንም። ዘይቱም 1.35 ሊትር ያህል ገባ።

በማግስቱ የጓደኛችን አባት ወደ ሱሉልታ ወጡ፤ ሁለተኛው ማርሽ ያለ ድምፅ ገባ። የኋላው ማርሽ ሲንክሮ ስለሌለው ግን መኪናው ፈጽሞ ሳይቆም እንዳያስገቡት ነግረናቸዋል።