ከእኛ ሲሄድ በስልክ፣ ወደ እኛ ሲመጣ በሰልፍ

(በጀሞ ለተሰባሰቡ ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



 እንድናገር የተጠየቅሁት “መንግሥት አገልግሎቱን በሞባይል ሲሰጥ ሕዝቡ ይረካል ወይ?” በሚል ርዕስ ነው። መቼም ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር።

ከሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የከተማ ሰው መንግሥትን የሚያውቀው በቀበሌ በር ነው። መታወቂያው ከዚያ፣ ስኳርና ዘይቱ ከዚያ፣ የድጋፍ ደብዳቤው ከዚያ። ዛሬ ወረዳ ተብሏል። ስሙ ተለወጠ እንጂ በሩ ላይ ያለው ሰልፍ ያው ነው። ስለዚህ “መንግሥት ኪሳችሁ ድረስ ይመጣል” ሲባል ያልጓጓ አልነበረም።

እውነቱን እንነጋገርና የመጣ ለውጥ አለ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ኮከብ 127 መሰላል ብሎ በተራ ስልክ እንኳ ገንዘብ መላክ ተቻለ። የመብራት ሂሳብ ለመክፈል ግማሽ ቀን መቆም ቀረ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መቅዳት ቀርቶ በስልክ ሆነ። የተሠራውን ተሠራ ማለት ነውር የለውም። መቃወም ማለት ዓይንን መጨፈን አይደለም።

ግን እስቲ ልብ በሉልኝ! አሁን የቆጠርኳቸው ሁሉ ምንድን ናቸው? ክፍያ ናቸው! ከእኛ ኪስ የሚወጣው ነገር በሰከንድ ይሄዳል። ወደ እኛ መምጣት ያለበትስ? ውሳኔው፣ ማስረጃው፣ ማኅተሙ፣ የአቤቱታው መልስ? እሱ አሁንም በሰልፍ ነው።

ከደጃችን ምሳሌ ልውሰድ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ ይላል። ጥሩ ነው፣ ተከራዩን ይጠብቃል። ነገር ግን እንደ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ተከራይ በበዛበት ሰፈር አከራይና ተከራይ ከሥራ ቀርተው፣ ተቀጣጥረው፣ መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ምን ይባላሉ? “ሲስተም የለም!”

ድሮ የነበረው “ኃላፊው ስብሰባ ናቸው” ነበር። ስብሰባው ሲያልቅ ኃላፊው ይመጣሉ። ቢያንስ የምትቆጡት ሰው አለ። ሲስተም ግን ስም የለው፣ ወንበር የለው። ማንን ትከሳላችሁ? የዘመኑ ትልቁ በደል እኔ እንደሚመስለኝ ይኸ ነው፤ ጥፋት አለ፣ አጥፊ የለም።

በዚህ ላይ የእናቶቻችን ነገር አለ። ማንበብ የማይችሉ እናት የሚስጥር ቁጥራቸውን ለሰፈር ልጅ ሰጥተው ይከፍላሉ። ልጁ ጨዋ ከሆነ እሰየው፤ ካልሆነስ?

ኔትወርኩ ሲዘጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. አገሩ በሙሉ ለሦስት ሳምንት ያህል ኢንተርኔት አጣ። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። የትግራይማ በዓመታት ተቆጠረ። አገልግሎቱን ወደ ስልክ አዙሮ ስልኩን መዝጋት ምን ይባላል? ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ!

ታዲያ ምን ይደረግ? ሦስት ነገር እንጠይቅ።

አንደኛ፣ እምቢታ ሁሉ በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱና ከነስሙ ይሰጠን። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሆን ያዛል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽና ተጠያቂ ይሁን ይላል። እኛ የምንለው የወጣው ሕግ ይከበር ነው።

ሁለተኛ፣ አንዴ የሰጠነውን መረጃ ደጋግመው አይጠይቁን። ኢስቶኒያ የምትባል ትንሽ የአውሮፓ አገር ሥርዓቷን የዘረጋችው በዚህ ላይ ነው። እኛ ግን ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ የባንክ ሂሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግዴታ ሆኖብን፣ 12 አኃዙን ይዘን ስንሄድ “ኮፒውን አምጡ” እንባላለን።

ሦስተኛ፣ ስልክ ለሌለው፣ ማንበብ ለማይችል፣ ዓይኑ ለደከመ ሰው አንድ መስኮት ክፍት ይቆይ። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የተከፈተው መሶብ ብዙ አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር ማድረጉ መልካም ነው። ግን የጀሞ ሰው ለአንድ ጉዳይ የታክሲ ሰልፍ ይዞ መሃል ከተማ መውረድ የለበትም። እንዲህ ያለው ነገር እዚሁ ወረዳችን ይድረስ።

ወገኖቼ፣ በሪፖርት “ይህን ያህል ሚሊዮን ተጠቃሚ” ይሉናል። ቤንዚን በስልክ ብቻ ሲሆን በስልክ የማይከፍል ማን አለ? የተገደደ ሰው ተቆጥሮ ረካ አይባልም። እርካታ የሚለካው የተበደለ ሰው አቤት ብሎ መልስ ሲያገኝ ነው።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ “ሲስተም የለም” ስትባሉ ዝም ብላችሁ አትመለሱ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የነገራችሁን ሠራተኛ ስም ጻፉ። በጽሑፍ ስጡኝ በሉ። እምቢ ካሉ ማስታወሻችሁን ይዛችሁ ቅሬታ ሰሚ ጋ፣ ከዚያም እንባ ጠባቂ ድረስ ሂዱ። አንድ ሰው ብቻውን ከጻፈ ወረቀቱ መሳቢያ ይገባል። መቶ ሰው ከጻፈ ግን መሳቢያው አይበቃም።