ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚመኝ ተማሪ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሊሰናዳ እንደሚገባው የተነገረ ንግግር



ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ሥራውን በዘር ቀን አይጀምርም። አስቀድሞ መሬቱን ይገምሳል፤ ቈይቶ ይደግማል፤ ኋላም ያለሰልሳል፤ ዘሩን የሚበትነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሳያርስ ዘርቶ አዝመራ የሚጠብቅ ሰው ቢገኝ ጎረቤቶቹ ይስቁበታል። ዳሩ ግን 3 ዓመት ቸል ብሎ ኖሮ በ12ኛ ክፍል መጨረሻ ጥቂት ወር ሌሊትና ቀን በማንበብ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚያስብ ተማሪ ሲገኝ የሚስቅበት የለም፤ እንዲያውም እንደ ትጉህ ይቈጠራል። ስሕተቱ የሚታወቀው ውጤቱ በወጣ ቀን ነው።

በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር ሲጀምር ከፍተኛ ትምህርት የጥቂቶች ዕድል ነበረ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነዋል። ነገር ግን በሩ ስለ በዛ መግቢያው ቀለለ ማለት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ከቀኑ በፊት ሾልኮ ስለ ወጣ ወደ ሌላ ጊዜ ተላለፈ። ኋላም የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው በጥብቅ ቍጥጥር ተፈተኑ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት ከ30 ሺህ ጥቂት ያነሱ ነበሩ፤ ይኸውም ከመቶው 3.3 ነው። ከ1 ሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። በ2017 ዓ.ም. ፈተና ያለፉት ከመቶው 8.4 ደርሰዋል። መሻሻል ነው፤ ሆኖም ከመቶው ከ90 የሚበልጡት እንደ ወደቁ ያስረዳል።

ይህን የሰማ ሰው የልጆቹ አእምሮ ደካማ ነው ብሎ ሊፈርድ አይገባውም። መጽሐፍ ያልበቃቸው፥ መምህር የጐደለባቸው፥ በበሽታና በጦርነት ዘመን ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ብዙዎች ነበሩ። ይህ የመንግሥትና የሕዝብ ዕዳ ነው። ነገር ግን በተማሪውና በቤተ ሰቡ እጅ ያለ ነገርም አለ፤ እርሱም ጊዜ ነው።

አስቀድሞ መጀመር የሚያስፈልግበት ምክንያት 2 ነው። አንደኛው ቋንቋ ነው። በሁለተኛ ደረጃ የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ይመጣል። ስለዚህ የፊዚክሱን ነገር የሚያውቅ ልጅ ጥያቄውን ማንበብ ስላቃተው ብቻ ይወድቃል። ቋንቋ ደግሞ በ1 ወር አይገኝም።

ሁለተኛው የትምህርቱ ቅደም ተከተል ነው። ቅኔ የሚማር ደቀ መዝሙር ባለ 2 ቤቱን ጉባኤ ቃና ጀምሮ እየቈጠረና እየነገረ ወደ ባለ 8 ቤቱ መወድስ ይደርሳል፤ ጉባኤ ቃና ሳይሞላለት መወድስ ልቍጠር ቢል መምህሩ አይፈቅድለትም። ሒሳብም እንዲሁ ነው። የ9ኛ ክፍሉን እኩልታ ያልፈታ ተማሪ የ12ኛ ክፍሉን ካልኩለስ ቢያጠና ቃሉን ይሸመድዳል እንጂ ነገሩን አያገኘውም።

እንግዲህ የ9ኛ ክፍል ተማሪ በየቀኑ ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃል ከነዐረፍተ ነገሩ በደብተሩ ይጻፍ፤ ከሒሳብም 2 ወይም 3 ጥያቄ ሳይፈታ አይደር። ደብተሩን ዓመቱ ሲያልቅ ለማገዶ ማቀጣጠያ አያድርገው፤ ፈተናው ወደ ኋላ ተመልሶ ይጠይቃልና እስከ 12ኛ ክፍል ያኑረው። በ10ኛ ክፍል የደከመበትን ትምህርት ለይቶ መምህሩን ይጠይቅ፤ መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። በ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስና የማኅበራዊ ሳይንስ መንገድ ይለያያል፤ ያን ጊዜ ጓደኛውን ተከትሎ ሳይሆን የ2 ዓመት ውጤቱን አይቶ ይምረጥ። በ12ኛ ክፍል ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች ሰዓት ወስኖ ይሥራ፤ የሳተውንም ለምን እንደ ሳተው ይመርምር።

ከሌሎቹ ይልቅ መርጠው የሚቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከአገር አቀፉ ፈተና ሌላ በራሳቸው የመግቢያ ፈተና ተማሪ ሲመርጡ ቈይተዋል። ወደ እነዚህ የሚመለከት ልጅ ማለፍ ብቻ አይበቃውም፤ በሒሳብና በሳይንስ ከፊተኞቹ ሊሆን ይገባዋል።

ነገር ግን መብራትና መጽሐፍ የሌለው የገጠር ልጅ ይህን እንዴት ያደርጋል ቢባል፥ 4 ወይም 5 ሆነው አንዱን መጽሐፍ በመጋራት ይጀምራሉ። አንዱ ያነባል፤ ሌላው ያስረዳል፤ ሦስተኛው ይጠይቃል። ሊያስተምር የሚሞክር ልጅ የማያውቀውን ቶሎ ያገኘዋል።

ከሁሉ ይልቅ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል። ልጁ ከትምህርት ቤት እንደ ተመለሰ ከብት ሊያግድ ከወጣ፥ ልጅቱም ውሃ ቀድታ፥ እንጨት ለቅማ፥ እራት ሠርታ ስትጨርስ ከመሸ፥ ትጋት ብቻውን አያድናቸውም። ይልቁንም ሴት ልጅ የቤቱ ሥራ ሁሉ ስለሚወድቅባት ወንድሟ በሚያጠናበት ሰዓት እርስዋ ትደክማለች፤ ኋላም ውጤቷ ሲያንስ ትምህርት አይሆናትም ይባላል። ይህ ፍርድ ቅን አይደለም። ፀሐይ ሳትጠልቅ በቀን 2 ሰዓት ለወንዱም ለሴቲቱም እኩል የሰጠ ቤት ገንዘብ ሳያወጣ ብዙ ረድቷቸዋል። ሥራውንም ተካፍለው ይሥሩት።

በመጨረሻም፥ በኩረጃ ለማለፍ ተስፋ ያደረገ ተማሪ 4 ዓመቱን በሙሉ ለሌላ ሰው እጅ አሳልፎ የሰጠ ነው። በትጋት የተማረ ግን ፈተናው ባይሳካለት እንኳ ያነበበው ቋንቋና የፈታው ሒሳብ ከእርሱ ጋር ይቀራል፤ ወደ ሙያ ትምህርት ቤት ቢገባ፥ ቢነግድ፥ ቢያርስም ይጠቅመዋል። ስለዚህ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ ያለው ቤተ ሰብ 12ኛ ክፍል እስኪደርስ አይጠብቅ፤ የዕርሻው ጊዜ አሁን ነውና።