ስለ ነጭ የጥርስ ሙሌትና ስለሚያደርቀው ብርሃን

በጅቡቲ ከተማ በማዕከላዊ ገበያ ለነዋሪዎችና ለአስተዳደር ሹማምንት የተደረገ ንግግር




ዛሬ ልናገርበት የተነሣሁት ጕዳይ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ይኸውም የጥርስ ሐኪም ነጩን ሙሌት ካስገባ በኋላ በአፋችን ውስጥ የሚያበራው ሰማያዊ ብርሃን ነው። ጥርሱን የሚያስሞላ ሰው ስለ ዋጋው ይጠይቃል፤ ስለ ቀለሙም ይጠይቃል፤ ስለ መብራቱ የሚጠይቅ ግን ከስንት አንድ ነው። ይሁን እንጂ ሙሌቱ ጥርሱን ዘግቶ ለብዙ ዓመት እንዲያገለግል ወይም ከሥሩ እንዲበሰብስ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ብርሃን ነው።

ነገሩን በዚህ ገበያ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ከሐሙዲ መስጊድ አጠገብ ባለው በዚህ ስፍራ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚመጣው ጫት በየቀኑ ይሸጣል። ጫት የሚቅም ሰው ቅጠሉን በአንድ ጕንጩ ይዞ ለሰዓታት ይቈያል፤ ምሬቱንም ለማብረድ ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም ለስላሳ መጠጥ ይጐነጫል፤ በሙቀቱም ጊዜ በረዶ የገባበት ውሃ ያስከትላል። በሙሌቱና በጥርሱ መካከል ከጠጕር የቀጠነች ክፍተት ብትኖር ጣፋጩና ተሕዋስያኑ በዚያች ቀዳዳ ይሰርጋሉ። ላዩ ነጭና የሚያምር ሆኖ ሳለ ውስጡ ይበላል፤ ሕመሙ የሚሰማውም ጕዳቱ ወደ ነርቩ ከተጠጋ በኋላ ነው።

የዚህ ጥበብ ታሪክ አጭር ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እናገራለሁ። በ1955 ማይክል ቡኦኖኮር የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም የጥርስ ውጫዊ ልባስ በፎስፎሪክ አሲድ ጥቂት ከተሻረ ሙጫ አጥብቆ እንደሚይዝ አስታወቀ። በ1962 ደግሞ ራፋኤል ቦወን የኮምፖዚት ሙሌት መሠረት ለሆነው ሙጫ የፈጠራ መብት አገኘ። በ1970ዎቹ በመጀመሪያ በአልትራቫዮሌት ጨረር፣ ቀጥሎም በሚታይ ሰማያዊ ብርሃን የሚደርቅ ሙሌት ወጣ። በ2013 የወጣው የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ ያለበት ሙሌት እየቀነሰ እንዲሄድ ስለ ወሰነ፣ ነጩ ሙሌት ከዚህ በኋላ እየበዛ እንጂ እያነሰ አይሄድም።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ሊጡ ውስጥ ካምፎርኪኖን የሚባል ነገር አለ፤ ይህም 470 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ሲቀበል ሙጫው እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠነክራል። ሲጠነክርም ከመቶ 2 እስከ 3 እጅ ያህል ይኰማተራል። መኰማተሩ ሙሌቱን ከጥርሱ ግድግዳ ይስበዋል፤ ማጣበቂያው ካልቻለው ይለቃል፤ ክፍተትም ይፈጠራል። የጭቃ ቤት የመረገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ምርጊቱን በወፍራሙ ለጥፎ በአንድ ጊዜ በፀሐይ ቢያደርቀው ይሰነጠቃል፤ በስሱ ደጋግሞ ቢለጥፈው ግን ይጸናል።

ስለዚህ ሐኪሞች ልዩ ልዩ የአበራር ዘዴ አወጡ። አንደኛው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሙሉ ኀይል ማብራት ነው። ሁለተኛው በደካማ ብርሃን ጀምሮ ቈይቶ ማጠንከር ነው። ሦስተኛው ለቅጽበት ካበሩ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ በሙሉ ኀይል መጨረስ ነው። የኋለኞቹ ሁለቱ ሐሳብ ሊጡ ገና ለስላሳ ሳለ እየፈሰሰ ውጥረቱን እንዲያቀል ነው። «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው ነው።

ይህስ በፈተና እንዴት ታየ? በቤተ ሙከራ የተነቀሉ ጥርሶች ይሞላሉ፤ በ5 እና በ55 ዲግሪ ውሃ ውስጥ እያፈራረቁ ይነክሯቸዋል፤ ከዚያም በቀለም ዘፍዝፈው ይሰነጥቋቸዋል፤ ቀለሙ የገባበት ጥልቀት የመዝጋቱን ነገር ይመሰክራል። ውጤቱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በአንዳንዱ ጥናት በዝግታ የተጀመረው ክፍተቱን ቀንሷል፤ በሌላው ልዩነት አልታየም። በሕሙማን አፍ ውስጥ በተደረገው ክትትል ደግሞ ዝግታው በግልጽ የበለጠ ሆኖ አልተገኘም። እንግዲህ በዘዴው ስም ብቻ መመካት አይገባም።

ከዘዴው ስም ይልቅ የሚያሳስበው የመብራቱ ድካም ነው። አንድ ስስ ንብርብር፣ ማለት እስከ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ በስኩዌር ሴንቲሜትር 400 ሚሊዋት በሚሰጥ መብራት 40 ሴኮንድ ያህል ይበራል። የመብራቱ ኀይል በግማሽ ቢወድቅ ያው 40 ሴኮንድ አይበቃውም። የሃሎጅን አምፖል ሲያረጅና የኤሌክትሪኩ ኀይል ሲወርድ ይደክማል፤ የኤል ኢ ዲ መብራትም ጫፉ ላይ ሙጫ ከደረቀበት ወይም ከጥርሱ ከራቀ ብርሃኑ ይቀንሳል። ክፉው ነገር ደካማ መብራት እንኳ የሙሌቱን ላይ ማጠንከሩ ነው። ሐኪሙ በመሣሪያው ሲነካው ድንጋይ ይመስለዋል፤ ታቹ ግን ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ የሚሰርገውም በዚያው ነው። ይህን ዓይን አያየውም፤ በብርሃን መለኪያ መሣሪያ ብቻ ይታወቃል።

ክቡራን ሹማምንት፤ ከእናንተ የሚጠበቀው ብዙ ወጪ አይደለም። በየጥርስ ሕክምናው ክፍል አንድ የብርሃን መለኪያ ይኑር፤ ልኩም በየጊዜው በመዝገብ ይጻፍ። በጋው ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት በዚህ ከተማ የሙሌቱ ሊጥ በሙቅ መጋዘን እንዳይቀመጥ ይታዘዝ። መብራቱን የሚይዘው ሰውና ረዳቱ ዓይናቸውን በብርቱካን ቀለም መከለያ ይጠብቁ። አስተማማኝ መብራት በሌለበት ወይም ምራቅን መከልከል በማይቻልበት ስፍራ ያለ ብርሃን በራሱ የሚጠነክረው ግላስ አይኖመር ይሻላል።

ሐኪሞችም በስሱ መደራረብን፣ የመብራቱን ጫፍ ማስጠጋትን፣ ጥርሱን ደረቅ አድርጎ መያዝን ቸል አይበሉ።

እናንተም ነጋዴዎችና ነዋሪዎች፣ ጥርስ ለማስሞላት ስትሄዱ ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ። ጫቱ የሚደርስበት ሰዓት ቀረበ ብላችሁ ሐኪሙን አታስቸኵሉት፤ የቸኰለ አፍስሶ ለቀመ። መብራቱ በርቶ ሳለ ራሳችሁን አታነቃንቁ። «መብራቱ ከተለካ ስንት ጊዜ ሆነው?» ብላችሁ መጠየቅም መብታችሁ ነው፤ ሥራውን የሚያከብር ሐኪም በዚህ አይቈጣም። የተሞላው ጥርስ ቀዝቃዛ ወይም ጣፋጭ ሲነካው ቢሰማችሁ እስኪያብጥ ሳትጠብቁ ተመለሱ።

አንድ ሙሌት የሚደርቅበት ጊዜ በሴኮንድ ይቈጠራል፤ በትክክል ከደረቀ የሚያገለግለው ግን በዓመት ነው። እነዚያን ጥቂት ሴኮንዶች ሐኪሙም፣ ታካሚውም፣ አስተዳደሩም ቢያከብሯቸው ስንት ጥርስ ከመነቀል ይድናል።